የድጎማ ጥያቄያችን፦ አንቀጽ 3 ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ከተማው የአውቶቡስ አገልግሎቱን እንዲደጉም የምንጠይቅበት ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ አንቀጽ 3 ላይ «ከተማው 10 አውቶቡስ ይግዛ» ይላል። ይቀየር ያላችሁ ስለበዛችሁ ከፍቼዋለሁ። ተቃውሞ ብቻ ሳይሆን የሚተካውን ዓረፍተ ነገርም ጻፉ።

የስምሪት ባለሙያ፦ መጠየቅ ያለብን ምልልስ ነው። አንድ መስመር ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ጫፍ ላይ 10 ደቂቃ ማረፊያ ቢጨመር 90 ይሆናል። በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ 9 መኪና መንገድ ላይ መኖር አለበት፤ ለጥገናና ለብልሽት አንድ ሁለት መጠባበቂያ ይጨመራል። መንገዱ ተጨናንቆ ምልልሱ 110 ደቂቃ ከገባ ለዚያው አገልግሎት 11 መኪና ያስፈልጋል። ያኔ የተጠየቁት 10ሩ ያለ መጠባበቂያ እንኳ አይበቁም።

ማረፊያው ይቆረጥ የሚል አይጠፋም። የሾፌር ሻይ መጠጫ ብቻ ይመስለዋል። የዘገየው መኪና ሰዓቱን የሚያካክሰው እዚያ ነው። ካላካካሰ በየፌርማታው ብዙ ሰው ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል፤ ሲጭን ይበልጥ ይዘገያል፤ የኋለኛው ደግሞ የሚጭነው አጥቶ ይደርስበታል። ሁለቱ ተጣብቀው በየ20 ደቂቃው ሲመጡ አማካይ ጥበቃው ከ5 ወደ 10 ደቂቃ ያድጋል። የሚቃጠለው ነዳጅ ያው ነው።

የሒሳብ ንዑስ ኮሚቴ፦ መኪናው በካፒታል በጀት ይገዛል፤ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ ፊልትሮው፣ ነዳጁና ደመወዙ ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው። ሪባን የሚቆረጠው ለመጀመሪያው ብቻ ነው! ሁለተኛው ሲጓደል የቆመው መኪና ለሚሄደው መለዋወጫ ይሆናል። የሚተካው፦ «ከተማው ለአጓጓዡ የሚከፍለው በተሰጠ የአገልግሎት ኪሎሜትር ይሁን። ከዴፖ እስከ መነሻ ያለው ባዶ ጉዞ በዋጋው ውስጥ ይታሰብ እንጂ ለብቻው አይቆጠር። ዋጋው የነዳጅና የደመወዝን ለውጥ ተከትሎ በየ3 ወሩ በቀመር ይስተካከል።»

አባል፦ በተሳፋሪ ብዛት ለምን አይከፈልም? ባዶውን እየዞረ ኪሎሜትር የሚቆጥርብንስ?

የስምሪት ባለሙያ፦ በተሳፋሪ ከተከፈለ ሾፌሮች ፌርማታ ላይ ይሻማሉ፤ የማታውና የዳር ሰፈሩ ምልልስ ይቀራል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በ2000 እ.ኤ.አ. ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት ከመጀመሯ በፊት ይህን ሽሚያ «የሳንቲም ጦርነት» ይሉት ነበር። ስጋትህ ግን እውነት ነው። ስለዚህ ይጨመር፦ «ያልተሠራ ምልልስ አይከፈልም፤ ከሰዓቱ በፊት የተነሳም ይቀጣል፤ ማስረጃው የጂፒኤስ መዝገብ ነው።» ቀድሞ መነሳት ትንሽ ከመዘግየት ይብሳል፤ በሰዓቱ የመጣው ሰው ቀጣዩን ሙሉ 10 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል።

የሒሳብ ንዑስ ኮሚቴ፦ ቅጣቱ የትራፊክ መጨናነቅን አይንካ። መንገዱን የሚያስተዳድረው ከተማው ነው፤ አጓጓዡ በማያዘው ነገር ከተቀጣ ጨረታው ላይ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይመጣል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ደግሞ ፓሪስና አካባቢዋ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪዎችን ከደመወዝ ክፍያቸው ለትራንስፖርት ያስከፍላሉ። በአባሪ እናያይዘው፤ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ከገባ ክርክሩ ሁሉ ወደ ግብር ይሄድብናል።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 3 በሁለታችሁ አጻጻፍ ተተክቷል፤ አባሪውም ተይዟል። የቀረው ከመነሻ መዘግየት የሚቀጣው ከስንተኛው ደቂቃ ጀምሮ ነው የሚለው ነው። 3 እና 5 ቀርበዋል፤ የምትመርጡትን ከነምክንያቱ ከዚህ በታች ጻፉ።