አዲስ አበባ–ባህር ዳር፦ ከደጀን በኋላ በማርቆስ ወይስ በሞጣ? የአባይ በረሃስ?

መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ባህር ዳር ልንልክ ነው። ሾፌሩ ልምድ አለው፤ የጎጃምን መስመር ግን አያውቀውም። ከደጀን በየት ቢሄድ ይሻላል? በረሃው ላይስ ምን ይጠንቀቅ? የድልድዮቹንም ታሪክ የምታውቁ ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

ከባድ ማርሽ፦
እስከ ደጀን ምርጫ የለም፤ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ፣ ገብረ ጉራቻ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ከዚያ በረሃው ነው። ከደጀን በቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ አድርጎ በአዴት ከገባ ጠቅላላው 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማርቆስ፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላ ግን ወደ 560 ይጠጋል። ለተጫነ መኪናና ለአዲስ ሾፌር እኔ የምመርጠው ማርቆስን ነው። ከተሞቹ ተቀራራቢ ናቸው፣ ጎሚስታና መለዋወጫም በቀላሉ ይገኛል።

ዋናው ነገር ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወረዳል። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ የፍሬን ዘይቱን፣ የፍሬን ሸራውንና ጎማውን ይይ። የፍሬን ዘይት ሲያረጅ ውሃ ይስባል። ያ ውሃ በግለት ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባና ፍሬን የለም ማለት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከቆየ ሳይነሳ ይቀየር። ሲወርድ፣ ያንን ዳገት ቢወጣ በሚይዘው ማርሽ ይውረድ፣ የሞተር ፍሬኑንም ይክፈት። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው የሚያስገባው፤ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ከባዱ ማርሽ አልገባም ይላል፣ መኪናውም በፍሪ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ ይቀራል። ፔዳሉን ረግጦ አይቆይ፤ ጠንከር አድርጎ ይርገጥ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቅ። ሞተር ማጥፋትማ ፈጽሞ አይታሰብም፤ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ይዞ ይቁም። በጎማው ሥር ድንጋይ ያድርግ እንጂ በጋለው ታምቡር (የፍሬን ሸራው በሚይዘው ክብ ብረት) ላይ ውሃ አያፍስ፤ ይሰነጠቃል።

ኩራር፦
በከባድ ማርሽ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ መንገዱና ስለ ድልድዩ ልጨምር። ታች ጎን ለጎን ሁለት ድልድይ ታያላችሁ። የኮንክሪት ቅስቱ አሮጌው ነው። በገመድ የተያዘው አዲሱ ህዳሴ ድልድይ ይባላል፤ 303 ሜትር ርዝመት አለው፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካጂማ ሠርቶት በ2008 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከጉባው ግድብ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ስም እንጂ ቦታ አያገናኛቸውም።

አስፋልቱ ለምን ደጋግሞ እንደሚሰምጥ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ጥፋቱን ሁሉ ጭነት ላይ ማድረግ ልክ አይደለም። ላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ አለ። ገደሉ ላይ የተከመረው ልቅ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ መንገዱን ይዞ ይንሸራተታል። በበረሃው ውስጥ ባሉት በፍልቅልቅና በኩራር መንደሮች በኩል አስፋልቱ ሲሞገድ የምታዩት ለዚህ ነው። ላዩን ቢለብሱት ከሥር ያለው ውሃ እስካልተጠረገ ድረስ ይመለሳል።

መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጉዞው ሐምሌ ላይ ቢሆንስ?

ኩራር፦
እንግዲያው በረሃውን በቀን ይለፍ። ማታ ዝናብ ካደረ ጠዋት ድንጋይ መንገዱ ላይ ወርዶ ይገኛል፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ጭጋግም አለ። ከመነሳቱ በፊት ከደጀን የመጡ ሾፌሮችን መንገዱ ክፍት መሆኑን ይጠይቅ። ሽቅብ ወደ ደጀን ሲወጣ የሙቀት መለኪያውን ይከታተል፤ ከፍ ካለ ቆሞ ሞተሩን በዝግታ ያሠራው፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን እስኪበርድ አይንካ።