ሲያጫውት የማይሰማ የዲስክ ማጫወቻ በምን ይለያል?

ሌሊት አድማጭ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ሙዚቃ የምሰማውም ሆነ ፊልም የማየው የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ስለሆነ ድምፁን ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ ነው። አሁን ያለኝ ማጫወቻ ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉሬይ የሚያነብ ሲሆን በምስሉም በድምፁም እንከን አይወጣለትም። ያስመረረኝ ከራሱ ከሣጥኑ ውስጥ የሚወጣው ጩኸት ነው። ፒያኖ ብቻውን በቀስታ በሚጫወትበት ቦታ፣ ወይም በፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ በሚነጋገሩበት ጊዜ፣ ጆሮዬ የሚሰማውን ትቶ ማሽኑን መከተል ይጀምራል፤ አንዴ ከያዘው ደግሞ አይለቀውም።

ሌላ ለመግዛት አስቤ የበርካታ ማጫወቻዎችን መግለጫ አነበብኩ። ስለ ምስል ጥራት፣ ስለ መውጫ ሶኬቶች፣ ስለሚወስደው ኤሌክትሪክ በዝርዝር ተጽፏል፤ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚሰማ ግን አንድም ቃል አላገኘሁም። በአንዳንዶቹ ላይ የድምፅና የጫጫታ ንጽጽር ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው የሚል አይቻለሁ። የምፈልገው ቁጥር እሱ ይሆን? ካልሆነስ ጸጥተኛውን ከጯሂው በምን ለይቼ ልግዛ?

ጠጋኙ

ከቁጥሩ ልጀምርና፣ እሱ እርስዎ የሚፈልጉት አይደለም። ያ ንጽጽር የሚናገረው በሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ሲግናል ምን ያህል የጠራ እንደሆነ ነው፤ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቢጮህ እንኳ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚሰሙት የትኛው ጩኸት እንደሆነ ይለዩ፤ ከአንድ ሣጥን ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ድምፅ ሊወጣ ይችላል፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ማሽኑን ያለ ዲስክ አብርተው ጆሮዎን ያስጠጉ። ያኔም ወጥ የሆነ የአየር ሽውታ ከተሰማ ማራገቢያው ነው፤ ወፈር ብሎ «እምምም» የሚል ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ሊሆን ይችላል። ዲስክ ሲገባ ብቻ የሚጀምረው ዥውታ የማዞሪያው ሞተርና የዲስኩ ነው። አልፎ አልፎ «ቅጭ ቅጭ» የሚለው ሌንሱን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው ክፍል ሲሆን፣ በተጫረ ዲስክ ላይ ሌንሱ ቦታውን እየሳተ መልሶ ስለሚፈልግ ይበዛል።

ዥውታው የመዞሩ መሆኑን ማረጋገጫ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር ነው። በሌንሱ ፊት በየሴኮንዱ የሚያልፈው የዲስክ ርዝመት እኩል መሆን ስላለበት፣ ሞተሩ መሃሉን ሲያስነብብ ይፈጥናል፣ ወደ ዳር ሲደርስ ይዘገያል። ሲዲ መጀመሪያው ላይ በደቂቃ 500 ዙር ያህል፣ መጨረሻው ላይ 200 ያህል ይዞራል። ዲቪዲ በመደበኛ ፍጥነቱ ከ1,400 ገደማ ተነሥቶ ከ600 በታች ይወርዳል፤ ብሉሬይ ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ ዥውታው በመጀመሪያው ዘፈን ላይ በርትቶ በመጨረሻው ላይ ከቀነሰ የሚያስጮኸው መዞሩ ነው። ባለ ሁለት ንብርብር የፊልም ዲቪዲ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙዎቹ ሁለተኛውን ንብርብር ከዳር ወደ መሃል ስለሚያስነብቡ ጩኸቱ እስከ ፊልሙ አጋማሽ ድረስ እየቀነሰ ሄዶ ከዚያ በኋላ እንደገና እየጨመረ ይመጣል። «ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ይደክመዋል» ብለው የሚያመጡልኝ ሰዎች የሚሰሙት ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም።

ሚዛኑን ያልጠበቀ ዲስክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሚፈጥረው የማንቀጥቀጥ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። አንድ ጊዜ ተበላሽቷል ተብሎ የመጣልኝን ማጫወቻ ከፍቼ ሞተሩን ብፈትሽ፣ ማሰሪያውን ብነካካ ምንም አላገኘሁበትም። በመጨረሻ ባለቤቱ ይዞት የመጣውን ዲስክ ገልብጬ ሳየው በአንድ ጎኑ ላይ ርእሱ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ሌላ ዲስክ ሳስገባ ጸጥ አለ።

ሲዲ ብቻ

ጠጋኙ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ሥራውን ለሁለት መክፈል እንደሚሻል ነው። ሦስቱንም የዲስክ ዓይነቶች የሚያነብ ማሽን ምስሉን የሚያቀናብር የሚሞቅ ቺፕ በውስጡ ስላለ ብዙ ጊዜ ማራገቢያ ይገጠምለታል። ሲዲ ብቻ የሚያጫውት ግን የሚሞቅ ነገሩ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማራገቢያ ይሠራል፤ ለማጫወትም ሞተሩ ከ500 ዙር በላይ መሮጥ አያስፈልገውም። ሙዚቃን በሌሊት ለሚሰማ ሰው ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ሲመርጡ መጀመሪያ ጀርባውን ይመልከቱ፤ ክብ ወንፊት ካለ ከኋላው ማራገቢያ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የራስዎን ዲስክ ይዘው ሄደው ያስገቡት። መሸጫ ቦታ ጸጥታ ስለማይገኝ ጆሮዎን አይመኑ፤ ይልቅ መዳፍዎን ክዳኑ ላይ ያሳርፉና ንዝረቱን ይለኩ፣ ጆሮ ያልሰማውን እጅ ይደርስበታል። ማሽኑን አጥፍተው ክዳኑን በጣትዎ ኳ ኳ ያድርጉት፤ እንደ ቆርቆሮ የሚያቃጭል ክዳን የሞተሩን ድምፅ ያጎላል፣ ደፈን ያለ ድምፅ የሚሰጥ ግን ውጦ ያስቀረዋል። ከባድ ማሽን ጸጥተኛ ነው የሚባለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ ክብደቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ኪሎ መቁጠር ዋጋ የለውም። ከቻሉ የመመለስ መብት ካለበት ይግዙ፤ እውነተኛው ፈተና በራስዎ ክፍል፣ በራስዎ ሰዓት ነውና።

ፋይል ይሻላል

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የማይዞር ነገር አይጮህም። የገዟቸውን ሲዲዎች አንድ በአንድ ወደ ፋይል ቢገለብጧቸውስ? የአንድ ሰዓት ሲዲ ሳይጨመቅ 635 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ እንደ ፍላክ ባለ ጥራት በማያጎድል አሠራር ሲጨመቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በፍላሽ ወይም በኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል በሌለው ማከማቻ) ላይ አስቀምጠው ማራገቢያ በሌለው መሣሪያ ሲያጫውቱት የሚሰማው ሙዚቃው ብቻ ነው። ሲገለበጥ የኮምፒውተሩ ማንበቢያ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ስለሚሮጥ ይጮሃል፤ ቢሆንም ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ያንንም ቀን ላይ መሥራት ይቻላል። የፊልም ዲስኮች ግን የቅጂ መከላከያ ስላለባቸው ይህ ምክሬ ለእነርሱ አይሠራም።

ሌሊት አድማጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ፈተናውን አደረግሁ። ያለ ዲስክ ሳበራው ቀጭን ሽውታ ነበረ፤ ሲዲ ሳስገባ ይህ ነው የሚባል ነገር አልጨመረም። ዲቪዲ ሳስገባ ግን ወፈር ያለ ጉርምርምታ ተጨመረበት፣ ማሽኑን በሁለት እጄ ከመደርደሪያው ብድግ ሳደርገውም ጉርምርምታው ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዚያ ፎጣ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩለትና ፊልሙን በሰላም ጨረስኩ። ፎጣው እንዳለ ቢቆይ ችግር አለው? የማራገቢያውን ሽቦ ብነቅለውስ?

ጠጋኙ

ምርመራው ጥሩ ነው፤ ዲስክ እየዞረ ማሽኑን ማንሣቱ ግን ሁለተኛ አይደገም። የሚዞር ዲስክ ሲያዘነብል ከሌንሱ ጋር ሊነካካና ክብ ጭረት ሊያወጣ ይችላል።

እንደነገሩኝ ከሆነ ያለዎት ሁለት ጩኸት ነው። ጉርምርምታው የመደርደሪያው ነው፤ ጣውላው የሞተሩን ንዝረት ተቀብሎ እንደ ከበሮ ቆዳ ያስተጋባዋል። ፎጣው ንዝረቱን ቢያስቀርም የሆዱን የአየር ቀዳዳ ይደፍናል፤ ማሽኑ ሲሞቅ ደግሞ በሙቀቱ ልክ የሚፈጥን ማራገቢያ ከሆነ ጭራሽ ይብስበታል። ፎጣውን ያንሡና በአራቱ እግሮች ሥር ብቻ ለስለስ ያለ ወፍራም ጎማ ያድርጉ። ማሽኑንም ከመቀመጫዎ ቢያርቁት ይጠቅማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግልጥ ቦታ ላይ ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ከዚያ ያንሳል።

የማራገቢያውን ሽቦ አይንቀሉ፤ ቺፑን ያቃጥሉታል። ክንፎቹ ላይ አቧራ ሲጋገር ሚዛናቸውን ስለሚያጡ መጀመሪያ ያጽዱት፦ ሶኬቱን ነቅለው ጥቂት ይቆዩ፣ ክዳኑን ከፍተው የኃይል ማከፋፈያውን ሰሌዳ ሳይነኩ፣ ክንፉ እንዳይዞር በጣትዎ ይዘው በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ከዚያም በኋላ የሚፎጭ ከሆነ የማራገቢያው ዘንግ የሚዞርበት መሸከሚያ አልቋል ማለት ነውና ማራገቢያውን በዚያው መጠንና ቮልቴጅ በሌላ ይተኩት። ይህም ተደርጎ ሽውታው በፒያኖው ላይ ካስቸገረዎት ለሙዚቃው ሲዲ ብቻ የሚያጫውተውን ይግዙ፤ የአሁኑን ግን ለፊልሙ ያቆዩት።