«ሬዲ» የሚለውን ቃል ለተማሪዎቼ እንዴት ላስረዳ?

የተከበራችሁ የቋንቋ ባለሙያዎች፣ በሐዋሳ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ሬዲ» የሚለውን ቅጽል «ዝግጁ» ብዬ ስተረጉም፣ «ፎር» ከስም፣ «ቱ» ደግሞ ከግስ በፊት እየገቡ «ለፈተና ዝግጁ ነኝ»፣ «ለመሄድ ዝግጁ ነኝ» የሚያሰኙ መሆናቸውን ሁሉም ይረዳል። የተቸገርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ቃሉ በቀጥታ ከስም በፊት ሲገባ፣ «ሬዲ ካሽ» እንደሚባለው፣ መዘጋጀትን ትቶ በእጅ የሚገኝ ጥሬ ገንዘብን ያመለክታል፤ «ቱ ሬዲ ቱ ብሌም» ሲባል (የመጀመሪያው «ቱ» «ከመጠን በላይ» የሚል ሌላ ቃል ነው) ሌላውን ለመውቀስ የሚቸኩል ማለት ይሆናል፤ «ሬዲ ቱ ክራይ» የተባለች ልጅ ግን እንባዋ ሊመጣ የደረሰ እንጂ ለማልቀስ የተሰናዳች አይደለችም። ተማሪዎቼን አብዝቶ የሚያደናግራቸው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ዝግጅትም ፈቃደኝነትም የለበትምና። «ሬዲሜድ» የሚለውን ከልብስ ገበያ ስለሚያውቁት አላስቸገረኝም።

እነዚህን አገባቦች «ሳይዘገይ ሊሆን የሚችል» በሚል አንድ ሐሳብ አያይዞ ማስተማር ይሻላል፣ ወይስ እያንዳንዱን በየዐረፍተ ነገሩ ለይቶ ማስጠናት? እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ነገር ግን «ሬዲ ካሽ» በዚህ ሐሳብ ሥር በትክክል መግባቱን እጠራጠራለሁ። በክፍል ውስጥ የሠራላችሁ ማብራሪያ ወይም ምሳሌ ካለ እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።