አንቲቦዲው በዝቶ ለምን አይከላከልም? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር የላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ስለ ኤች አይ ቪ አቀርባለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

ቫይረሱ በዋናነት የሚያጠቃው ሲዲ4 ሴሎችን (የሰውነትን መከላከያ የሚያስተባብሩ ነጭ የደም ሴሎችን) ነው። አንቲቦዲ (ጀርምን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) የሚሠሩት ደግሞ ቢ ሴሎች ናቸው። ንፍፊት ውስጥ ቢ ሴሎችን የሚያሠለጥኑ ሲዲ4 ረዳቶች አሉ። እነሱ ሲበከሉና ሥራቸው ሲዛባ የአንቲቦዲው ጥራት ይወርዳል። እስከዚህ ገብቶኛል።

ግራ ያጋባኝ ቀጣዩ ነው። ሕክምና ባልጀመረ ሰው ደም ውስጥ አጠቃላይ የአንቲቦዲ መጠን ከፍ ይላል። ታዲያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሲወስድ ምላሹ ለምን ይደክማል? ቢ ሴሎቹ በዘፈቀደ ስለሚነቃቁ ነው የሚል አንብቤያለሁ። በአንድ መስመር ነው ያለፉት፤ አላጠገበኝም። የሚያነቃቃቸው ቫይረሱ ራሱ ነው ወይስ ከተጎዳው አንጀት ሾልከው ደም ውስጥ የሚገቡት የባክቴሪያ ቁርጥራጮች? ወይስ ሁለቱም?

ሌላው፣ ትውስታ ያላቸው ቢ ሴሎች በኤአርቲ (በኤች አይ ቪ መድኃኒት) ሙሉ በሙሉ አይመለሱም ይባላል። መድኃኒቱን ቶሎ መጀመር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ኢሚውኖሎጂ የምታውቁ፣ በተለይ እዚሁ ጎንደር ያላችሁ፣ ቡና እየጋበዝኩም ቢሆን እማራለሁ። ሥዕል ያለው ማብራሪያ ካላችሁማ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።