የዋልተር ጆንሰን የድሮ ፎቶ መስታወቱ ላይ ተጣበቀብኝ፤ በምላጭ ይላቀቅ ወይ?

የኳስ ፎቶ ወዳጅ (ጠያቂ)፦
ወገኖች ቶሎ ድረሱልኝ። ቤዝመንት ውስጥ ቧንቧ አፍስሶ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት የድሮው የዋሽንግተን ቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ የዋልተር ጆንሰን ፎቶ ከነፍሬሙ ውሃ ገባበት። አሁን ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ኮፍያውና ቀኝ ትከሻው ጋ ያብለጨልጫል፤ ሌላው ቦታ ደህና ነው። የፎቶ አንሺው የቻርልስ ኮንለን ሥራ ነው፣ ኮፒ አይደለም። ፍሬም ሠሪው ነገ ጠዋት በምላጭ ቀስ ብዬ አላቅቀዋለሁ ብሎኛል። ልስጠው ወይስ ራሴ ልሞክር? ያለሁት ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ራሱ ለቆ ታገኘዋለህ።

ጨለማ ክፍል፦
ምላጭ የሚባል ነገር እንዳይነካው! መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። አሁን እርጥብ ነው ወይስ ደርቋል? መልሱ ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው በዚህ ነው። ጀርባውስ ላይ ምን አለ? ማኅተም፣ የእጅ ጽሑፍ?

አቦል ቶና በረካ፦
ጆንሰንን እኮ «ቢግ ትሬይን» ይሉት ነበር፣ ኳሱ እንደ ባቡር ስለሚመጣ። ባቡሩ ዛሬ መስታወት ላይ ቆመ በለኛ 😂 አይዞህ ወንድሜ፣ እዚህ የሚያውቁ ሰዎች አሉ።

ጋሼ ካሜራ፦
ልጄ፣ ኮንለን ካልክ ማን እንደነበረ ልንገርህ። ብዙዎቻችሁ ስሙን ትጠራላችሁ እንጂ ሥራውን በቅጡ አታዩትም። በ1868 ተወልዶ በ1945 ያረፈ ሰው ነው። እንጀራው ፎቶ አልነበረም፤ የኒውዮርኩ «ኢቪኒንግ ቴሌግራም» ጋዜጣ አራሚ ነበር። ቤዝቦል ማንሳት የጀመረው በ1904 ገደማ ነው፣ ያውም ከሥራ ሰዓት ውጭ። ከባድ ግራፍሌክስ ካሜራ ተሸክሞ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ የመስታወት ሰሌዳ እየቀየረ። የዛሬው ረጅም ሌንስ ስላልነበረ ሯጩ የሚደርስበት ምልክት፣ ቤዙ አጠገብ ሜዳው ላይ ነበር የሚቆመው።

በ1910 ኒውዮርክ ሂልቶፕ ፓርክ ሜዳ ውስጥ ሯጩ ታይ ኮብ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ተንሸራቶ ሲገባ ያነሳውን ፎቶ አይታችሁታል። አፈሩ ቡን ብሎ፣ የኮብ ጥርስ ተገጣጥሞ፣ ቤዙን የሚጠብቀው ጂሚ ኦስቲን ሚዛኑን ስቶ። ኮንለን በዚያች ቅጽበት ያሰበው ስለ ፎቶ አልነበረም፤ ኦስቲን ይጎዳል ብሎ ደንግጦ ነበር። ካሜራውን መጫኑን እንኳ እርግጠኛ ስላልነበረ ለማንኛውም ብሎ ሰሌዳውን ቀየረ። ሲያጥበው ነው ያገኘው። አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ያነሳል፣ አንዱንም ተመልሶ አያየውም። እነዚያ ሰዎች ግን የተጫዋቹን ጣት፣ የጓንቱን ስፌት፣ የፊቱን ጠባሳ ሳይቀር አስቀርተውልናል። የቦስተኑ ካርል ሆርነርም እንዲሁ ነው። ከሲጋራ ጋር ይሰጥ የነበረውና ዛሬ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጠው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ የተሠራው እሱ ስቱዲዮው ውስጥ ካነሳው ፎቶ ነው። ስሙን ግን ስንቱ ያውቃል?

የመርካቶ ልጅ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ግን ልጁ የተቸገረው ተጣብቆበት ነው። ፍሪዘር በለው። ኢንተርኔት ላይ በቪዲዮ አይቻለሁ፣ ጠቅ ብሎ ነው የሚነሳው።

ዘጠነኛ ጎዳና፦
ቆይ ቆይ። ኮንለን መሆኑን በምን አወቅህ? ፎቶው ግርጌ ላይ በነጭ የእጅ ጽሑፍ ስምና ከተማ ተጽፎበታል?

የኳስ ፎቶ ወዳጅ (ጠያቂ)፦
ይቅርታ፣ ደርቋል። ቧንቧው ያፈሰሰው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ማት የሚሉት የካርቶን ክፈፍ የለውም፣ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ነው ያረፈው። ጀርባውን አልከፈትኩትም። አዎ፣ ግርጌው ላይ «ጆንሰን፣ ዋሽንግተን» ተብሎ በነጭ ተጽፏል። ሻጩ ግን ኮንለን ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ እኔም ዋጋውን ከፍዬበታለሁ።

ዘጠነኛ ጎዳና፦
እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ። ያ ነጭ ጽሑፍ የቤይን ኒውስ ሰርቪስ ልማድ ነው። ጆርጅ ግራንታም ቤይን በኒውዮርክ የከፈተው የዜና ፎቶ ድርጅት ነበር። መግለጫውን ኔጌቲቩ ላይ፣ ማለትም ፎቶው የሚታተምበት ዋናው የመስታወት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፉት ስለነበር ሲታተም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኮንለን በዚህ አይታወቅም። የእሱን ፎቶ የምትለየው ከጀርባው ነው፣ ስሙና አድራሻው ካለበት ማኅተምና ከእጅ ጽሑፉ።

አትዘን። የቤይን ክምችት ቀላል ነገር አይደለም። ወደ 40,000 የሚጠጋ የመስታወት ኔጌቲቭ በ1948 ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገዝቶታል። ከአንተ ሰፈር በሜትሮ ትደርሳለህ፣ ድረ ገጹ ላይም በነጻ ታወርደዋለህ። የአንተን ምስል እዚያ ፈልገው። ካገኘኸው ነጩን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አመሳክር።

ነገር ግን ሌላም ጥያቄ አለ። ማንም ሰው ፋይሉን አውርዶ ዛሬ ማተም ይችላል። ስለዚህ የወረቀቱን ዕድሜ ማወቅ አለብህ። አሰባሳቢዎች ታይፕ 1 የሚሉት ፎቶው በተነሳ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከዋናው ኔጌቲቭ የታተመውን ብቻ ነው። ዋጋውም የሚለየው በዚሁ ነው። ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት ባትሪ የወረቀቱን ጀርባ እየው። በሰማያዊ ነጭ ቦግ ካለ የ1910ዎቹ ወረቀት ሊሆን አይችልም፤ የሚያበራው ኬሚካል ፎቶ ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ቦግ ካላለ ግን ተስፋ አለ ማለት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

አቦል ቶና በረካ፦
ሻጩን ይዘህ ዘጠነኛ ጎዳና ጋ አምጣው፣ ቡና እየጠጣን እንጠይቀዋለን 😄

ነርሷ፦
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ጆንሰን የተጫወተበት ግሪፊዝ ስታዲየም እኮ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ነው! እኛ ሐበሾች በየቀኑ በዚያ በኩል እናልፋለን። ጋሼ ያሉት ሂልቶፕ ፓርክም ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ሆኗል።

ጨለማ ክፍል፦
ደርቋል ካልክ እንዲህ ነው፤ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያ የሚያብለጨልጨው ቦታ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ከመስታወቱ ጋር የተዋሃደበት ነው። ጄላቲን ውሃ ሲነካው ያብጥና ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። ምስሉ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ስስ ሽፋን ላይ ነው። በምላጭ ስታላቅቀው ወረቀቱ በእጅህ ይመጣል፣ የጆንሰን ኮፍያ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለፍሬም ሠሪው ዛሬ ማታ ደውለህ አይሆንም በለው። ቅር አይበለው፣ ሙያው ሌላ ነው።

ፍሪዘርም ተወው። ቅዝቃዜ የሚጠቅመው ጎርፍ ያረጠበው የፎቶ ክምር ባለሙያ እስኪደርስለት ድረስ እንዳይበሰብስ ነው። የደረቀ ጄላቲን ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ፀጉር ማድረቂያና ስቲምም አይሆንም።

አሁን እርጥብ ቢሆን ኖሮ ከነመስታወቱ ይዘህ፣ በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ውሃው እንዲለያየው ማድረግ ይሞከር ነበር። ከደረቀ በኋላ ግን ቤት ውስጥ መልሶ መንከር አደጋ ነው። ጀርባው ላይ ማኅተም ካለ ቀለሙ ይፈሳል፣ የፎቶው ማንነት አብሮ ይሄዳል።

አንተ የምታደርገው ይህ ነው። ፍሬሙን ከቤዝመንት አውጣው። ከማሞቂያና ከፀሐይ ራቅ አድርገህ አስተኛው። የጀርባውን ካርቶን ብቻ በጥንቃቄ አንሳ፣ ፎቶውን ግን ከመስታወቱ አታንቀሳቅስ። ጀርባውን በደንብ ፎቶ አንሳው። ባትሪውንም እዚያው ሞክረው፣ በመስታወቱ በኩል አይደለም፤ መስታወት ጨረሩን ስለሚቀንሰው ያሳስትሃል። ፊቱን ደግሞ መብራቱን ከሁለቱም ጎን ሰያፍ አድርገህ፣ ካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይዘህ አንሳው፣ ነጸብራቅ አይገባበትም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካን ኢንስቲትዩት ፎር ኮንሰርቬሽን ድረ ገጽ ላይ የቅርስ ጥገና ባለሙያ መፈለጊያ አለ፣ ፎቶግራፍ የሚለውን መርጠህ በአካባቢህ ፈልግ። እሱም ቢሆን «ከነመስታወቱ ይቀመጥ» ሊልህ ይችላል። እንዲያ ካለህ ስማው። ብዙ ፎቶ ከነመስታወቱ ዕድሜ ልኩን ይኖራል።

የመርካቶ ልጅ፦
እሺ ለደረቀ አይሆንም ካልክ ተቀበልኩ። ቪዲዮው ላይ የነበረው የሠርግ ፎቶ ነበር፣ ይሄ መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው።

ጋሼ ካሜራ፦
ጨለማ ክፍል ያለው ልክ ነው። የቤይን መሆኑም አያሳፍርህ። ቤይን ራሱ ሁሉንም አላነሳም፣ የላካቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልቀረም። የማያውቁትን ሰው ሥራ ማክበርም አሰባሳቢነት ነው። ኮንለን ነው ብሎ የሸጠልህን ሰው ግን ደረሰኙን ይዘህ አነጋግረው።

ቡናማ ኤንቨሎፕ፦
ርዕስ ቀየርኩ እንዳትሉኝ፣ የተሰነጠቀ የመስታወት ኔጌቲቭ አለኝ። በፕላስተር ልያያዘው?

ጨለማ ክፍል፦
ፕላስተር በፍጹም፣ ሙጫው ምስሉን ይበላዋል። ደህናው ሰሌዳ በረጅም ጎኑ ይቆማል፣ የተሰበረው ግን አግድም ይተኛል። ቁርጥራጮቹ እንዳይፋተጉ መሐላቸው ስስ ካርቶን አድርግ። ለሌላው አዲስ ጥያቄ ክፈት፣ ፎቶውንም ለጥፍ።

ዘጠነኛ ጎዳና፦
ጠያቂው፣ ለፍሬም ሠሪው ደወልክለት? ጀርባውን ከከፈትከው ምስሉን እዚህ ለጥፍልን፣ ማኅተሙን አብረን እናየዋለን።

ነርሷ፦
አሁንም ዝም አለ። ጠዋት ሆነ እኮ።