ጋርቾምፕ ላይ አውትሬጅ ይቆይ ወይስ ስኬል ሾት ይግባ?

ለፖክሞን ስካርሌት የቪዲዮ ጨዋታ ነጠላ ፍልሚያ የማዘጋጀው ጋርቾምፕ የተባለ ፖክሞን አለኝ፦ ጠባዩ ጆሊ (ስፒድ የሚጨምር)፣ የሥልጠና ነጥቦቹ (EV) 252 አታክ፣ 252 ስፒድ፣ የያዘው ሉም ቤሪ (እንደ መደናገርና ቃጠሎ ያለውን ችግር የሚያጠፋ ፍሬ)። ምቶቹ ስዎርድስ ዳንስ (አታክ የሚጨምር)፣ ኧርዝኩዌክ (የመሬት ዓይነት)፣ ፖይዝን ጃብ (የመርዝ ዓይነት) እና አውትሬጅ (የድራጎን ዓይነት) ናቸው።

ጣጣው ያለው አውትሬጅ ላይ ነው። ኃይሉ 120 ቢሆንም አንዴ ከተጀመረ 2 ወይም 3 ዙር ሌላ ምት ማዘዝም ሆነ ጋርቾምፕን መቀየር አይቻልም። ሲያበቃ የሚመጣውን መደናገር ሉም ቤሪ ያጠፋዋል፣ ያውም አንዴ ብቻ። የፌሪ ዓይነት ፖክሞን ሲገባ ጉዳቱ ዜሮ ቢሆንም እስሩ እዚያው ስለሚፈታ ፖይዝን ጃብ ይደርሳል። የሚያናድደው ኪንጋምቢት የተባለው የብረትና የጨለማ ዓይነት ፖክሞን ነው፤ ጉዳቱን በግማሽ ተቀብሎ የራሱን ስዎርድስ ዳንስ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ ኧርዝኩዌክ እያለኝ ማዘዝ አልችልም።

ድራጎን ክሎውን ሞክሬዋለሁ። አያስርም፣ ግን 80 ኃይል ጠንካሮቹን በአንድ ምት አይጥልም። ስኬል ሾት እያንዳንዱ 25 ኃይል ያለው ከ2 እስከ 5 ምት ይሰጣል፣ ስፒድ ጨምሮ ዲፌንስ ይቀንሳል። ሎደድ ዳይስ የተባለው ዕቃ ሲያዝ ምቱ ከ4 አይወርድም፤ አንድ ዕቃ ብቻ ስለሚያዝ ግን ሉም ቤሪን መተው ግድ ነው፣ ቃጠሎ ከመጣም የምቶቹ ጉዳት በግማሽ ይወርዳል።

ተጋጣሚው ኪንጋምቢት እንዳለው እያወቅሁ፣ ስኬል ሾትን ከሎደድ ዳይስ ጋር ላስገባ ወይስ አውትሬጅን ከሉም ቤሪ ጋር ይዤ ኪንጋምቢት እስኪወድቅ ልቆጥበው?