የ5 ኪሎ ተማሪ ሆኜ 6 ኪሎ የሥነ ጽሑፍ ክበብ መግባት እችላለሁ?

ፍሬሽ ነኝ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ 5 ኪሎ ነኝ፣ ምሕንድስና። ከሃይስኩል ጀምሮ ግጥም እሞክራለሁ፤ ሚኒ ሚዲያ ላይም አነብ ነበር። እዚህ ግን ስለ ግጥም የሚያወራኝ ሰው አጣሁ፤ ዶርም ውስጥ ወሬው ሁሉ ካልኩለስ ነው። 6 ኪሎ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለ ሲሉ ሰማሁ። የቋንቋ ተማሪ ያልሆነ ይቀበላሉ? ፈተና ነገር አለው? ከላብራቶሪ ክላስና ከአሳይመንት ጋርስ ይሄዳል? እስቲ ይቺንም እዩልኝ፣ አጀማመሯን ብቻ ነው፦

ያ የሰፈሬ መብራት እስካሁን ይበራል፣
ልጅ ይመጣ እንደሆን መንገድ ያማትራል።

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔም የ5 ኪሎ ልጅ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የገባሁት። ዲፓርትመንትሽን የሚጠይቅሽ የለም፤ ቢጠይቅሽም ለጨዋታ ነው። ታክሲ ምናምን አትጠብቂ፣ በእግርሽ ወደ ላይ ውጪ፣ ቅርብ ነው። አይዲሽን ብቻ እንዳትረሺ፤ ጥበቃዎቹ «ገጣሚ ነኝ» ብትያቸው አይገባቸውም 😄። ዋናው ነገር ሴሚስተሩ እንደጀመረ ሂጂ። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሲደርስ ሰው ሁሉ ላይብረሪ ይገባና ስብሰባው ላይ ሦስት ሰው ነው የምታገኚው። የላብራቶሪውን ነገር ካነሳሽ፣ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ከክላስ በኋላ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ አይጋጭም። የሚያስቸግረው አሳይመንት ነው፤ እሱን ደግሞ ክበብ ባትገቢም አታመልጪውም።

አማርኛ ዲፓርትመንት፦ ፈተና የለም። ስምሽን፣ መታወቂያ ቁጥርሽንና ስልክሽን ይመዘግባሉ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ያስገቡሻል፣ አለቀ። ክበቡ የት እንደሚሰበሰብ ካላወቅሽ ተማሪዎች አገልግሎት ጠይቂ፤ የባህል ማዕከሉም አካባቢ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን አንብቢ። በመጀመሪያው ቀን አንብቢ አይሉሽም፣ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ከዚያ ግን ወንበር መደርደርም፣ ፖስተር መለጠፍም፣ ማይክ መለመንም ይደርስሻል። ይሄንን ሥራ የሸሸ ሰው መድረክ ሲጠይቅ ሁሉም ፊቱን ያዞርበታል።

ወደ ግጥምሽ ስመጣ፣ ሁለተኛዋ መስመር በጣም ጥሩ ናት። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው የጻፍሽው፤ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ)፣ መሀሉ ላይ ትንፋሽ። «ልጅ ይመጣ እንደሆን» ስድስት፣ «መንገድ ያማትራል» ስድስት። ጮክ ብለሽ በዪው፣ «ይመጣ እንደሆን» ሲነበብ ይዋሃዳል። የመጀመሪያዋ ግን «ያ» ስላለች ሰባት ሆነች። አውጪያት፤ «የሰፈሬ መብራት እስካሁን ይበራል»። ትርጉሙ ምንም አልጎደለበትም፣ ምቱ ግን ተስተካከለ።

ዝምተኛው፦ እኔ እንኳን ክበብ አልመክርም። ግማሹ ጊዜ ፕሬዚዳንት ማን ይሁን በሚል ጭቅጭቅ ነው የሚያልፈው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ለበዓል ፕሮግራም መሯሯጥ። ግጥም የምትወዱ ሦስት አራት ልጆች ሆናችሁ ላውንጅ በሻይ ብትነባበቡ ይሻላል።

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦ @ዝምተኛው ጭቅጭቁስ እውነት ነው። ግን ፍሬሽ ተማሪ እነዚያን ሦስት አራት ልጆች የት ታግኛቸው? እኔ ያገኘኋቸው እዚያው ነው። አሁን ስብሰባ ላይ ብዙም አልታይም፤ ከልጆቹ ጋር ግን እስከዛሬ ጽሑፍ እንለዋወጣለን።

የድሮ ተማሪ፦ ልጄ፣ ከእኔም ትንሽ ስሚ። ያ የባህል ማዕከል በንጉሡ ጊዜ የተቋቋመ ነው፤ ያኔ «ክሬቲቭ አርትስ ሴንተር» ነበር የሚባለው። በ1950ዎቹ ደግሞ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ የደሃውን ኑሮ ያነሱት ግጥሞች ከባለሥልጣናት ጋር አጋጭተዋቸዋል። ይህን የምልሽ ለታሪክ ብቻ አይደለም። 6 ኪሎ ከወጣሽ አይቀር ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም ጎራ በይ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለልሽ። ከአንቺ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የጻፉትን ጠይቀሽ አንብቢ። የዛሬ ልጆች መጻፍ ትወዳላችሁ፣ ማንበብ ላይ ግን… እንጃ።

ፍሬሽ ነኝ (ጠያቂ)፦ ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፤ ኬኔዲን ስሙን ብቻ ነበር የማውቀው። ሁላችሁም ተባረኩ። «ያ»ን አውጥቻታለሁ 🙏። አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ፤ ሲደርሰኝ ከስልክ ላይ ባነብ ችግር አለው?

አማርኛ ዲፓርትመንት፦ በወረቀት ያዢ፣ በትልልቁ ጽፈሽ። ስልክ ከሆነ መሀል ላይ ስክሪኑ ይጠፋብሻል፤ ካልጠፋም ሰው ይደውላል።

ሲቪል 4ኛ ዓመት፦ የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን አልሄድም ካልሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ከእኛ ግቢ ሁለት ሴቶች አሉ፣ አገናኝሻለሁ።